ጸሎት ያጣሁባት ሌሊት

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ሀዋሳ ነው የምኖረው። ጌታ ልጄን እንዴት እንደመለሰልኝ ልመሰክር ነው። ግን መጀመሪያ ጎረቤቴን እትዬን ላመስግን፤ ያለ እሳቸው ይሄ ምስክርነት አይጀመርም።

ባለቤቴ ሲታመም ጾመን ጸልየን ነበር። አረፈ። እግዚአብሔርን ተቀየምኩት፣ አልደብቅም። «ሰምተህ ነው ዝም ያልከኝ?» እያልኩ አልቅሼ አልቅሼ፣ በኋላ ማልቀሱንም ተውኩት። መጽሐፍ ቅዱሴን ከሻንጣ በታች ከተትኩት።

እትዬ አልመከሩኝም፣ አልተቆጡኝም። አንድ ቀን «ዓይኔ ደክሟል፣ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣትሽ በፊት አንድ መዝሙር አንብቢልኝ» አሉኝ። እሳቸውን እንዴት እምቢ ልበል? በረንዳቸው ላይ፣ ቡናው ሳይቆላ፣ በቀን አንድ ምዕራፍ። አንብቤ ጨርሼ ዝም ስል ከምዕራፉ አንዷን ቃል ይዘው ይጸልያሉ። አያስረዝሙም። የኔን፣ የልጄን፣ የግቢውን ተከራይ ሁሉ ስም ይጠራሉ፣ በቃ። 13ኛው ላይ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን ሳነብ ድምፄ ተያዘ። 88ኛው ደግሞ ይብሳል። የቆሬ ልጆች መዝሙር ነው፤ ከላይ እስከ ታች ጩኸት ነው፣ ሰውዬው ሳይጽናና ያልቃል። ግን የሚጮኸው ወደ እግዚአብሔር ነው! እንዲህ ያለ ጸሎት በቅዱሱ መጽሐፍ ከተጻፈ እኔም ቅያሜዬን ይዤ መቅረብ እችላለሁ ማለት ነው። የዚያን ቀን ማታ ብቻዬን ተንበርክኬ የሆዴን ሁሉ ነገርኩት። ወራቱ እንዲሁ አለፉ።

ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ወባ እንደሚበረታ የሀዋሳ ሰው ያውቃል። ልጄን ሲያተኩሰው ውሎ ማታ ላይ ሰውነቱ ተገተረ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ዞረ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጮህኩ። ግቢው በሙሉ ወጣ። ሆስፒታል ያደረሰን የባጃጅ ልጅ «ሂሳቡን ተይው እህቴ፣ ግቢ» አለኝ፤ ባለህበት ጌታ ይባርክህ።

ደሙ ሲታይ ፋልሲፋረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነው፣ ከባድ ነው አሉ። ማታ 3 ሰዓት ላይ አርቴሱኔት የሚባለውን የወባ መድኃኒት ተወጋ። ሁለተኛው መርፌ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እስከዚያ ምን ላድርግ? አንዷ ነርስ እየተመላለሰች ጣቱን ወግታ ስኳሩን ታያለች፣ ትንፋሹን ትቆጥራለች። አንድ ጊዜ ቆጥራ እንደገና ስትጀምር ጉልበቴ ከዳኝ። እጁ ላይ ግሉኮስ ስለተሰካ እግሩን ነበር የያዝኩት፤ ጫፉ ቀዝቃዛ፣ ባቱ እሳት። ልጸልይ አፌን ከፈትኩ። «ጌታ ሆይ» አልኩ። ሌላ ቃል ጠፋኝ።

ያኔ ነው እትዬ በረንዳ ላይ ያነበብኩት ሳልጠራው የመጣው። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» ቀጠልኩት። «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም» ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። እሱኑ ደጋገምኩት። ፍርሃቱ የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ፤ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የምለው። «አባቱን ወስደሃል፣ ይሄን ተውልኝ» ብዬዋለሁ፣ ቃል በቃል። ከዚያ እንደገና «አይተኛም አያንቀላፋም»። ከጎናችን ሕፃን ይዘው ያደሩ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «አሜን» ይሉ ጀመር። የማን እምነት ተከታይ እንደሆኑ አልጠየቅኳቸውም።

ሊነጋ ሲል «እማ፣ ውሃ» አለኝ።

ነርሷ ሮጣ መጣች፣ ስሙን ጠየቀችው፣ ነገራት። እሷም አለቀሰች። መድኃኒቱን ያገኙትን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያደሩትን ሁሉ ጌታ ያክብርልኝ፤ በእነሱ እጅ ነው የሠራው። ጠዋት ሁለተኛውን መርፌ ሲወጋ አለቀሰ፣ እኔም በለቅሶው እልል አልኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በእግሩ ወጣ።

አሁን መዝሙሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረን 119ኛው ላይ ነን። 176 ቁጥር ስለሆነ በአንዴ አንጨርሰውም፤ ስምንት ስምንት ቁጥር እየያዝን ነው። ልጄም አብሮን ይቀመጣል። በየክፍሉ ላይ ያለውን የዕብራይስጥ ፊደል፣ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ የሚጠራው እሱ ነው፤ ከሱ በፊት ማንም እንዲያነብ አይፈቅድም። ክብር ለጌታ ይሁን!