ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ

ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሰው ቀጥሬ ነበር። ቀጠሮው በሐበሻ ሰዓት ስለነበር ወፍ የማይበት ጊዜ አገኘሁ።

ሣሩ ላይ ሁለት ጠቆር ያሉ ትልልቅ ወፎች ነበሩ። ምንቃራቸው እንደ ማጭድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጉሮሯቸው ስር ቀጭን ቆዳ የተንጠለጠለ። አንዱ ምንቃሩን እርጥቡ አፈር ውስጥ እስከ ግማሽ ሰክቶ ይበረብራል። ትል ሲያገኝ ጎትቶ ያወጣና ቀና ብሎ ዋጥ! ይህ ወፍ (በእንግሊዝኛ Wattled Ibis ይሉታል) ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም የለም። ጠዋት በጣሪያችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈው እሱ ነው። እኛ ግን እንቅልፍ ነሳን ብለን እንረግመዋለን እንጂ መች አየነው?

ወደ ዛፍ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ባሕር ዛፍን የአዲስ አበባ ተወላጅ አድርገነዋል። የመጣው ግን ከአውስትራሊያ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከተማዋ ማገዶ ሲቸግራት። የጥንቶቹ ጽድና ወይራ ናቸው። ወይራንማ ዛፉን ሳይሆን ጭሱን ነው የምናውቀው፤ የወተት ዕቃ ሲታጠን።

ከውጭ የመጣ የጌጥ ዛፍ በውድ ከመግዛት ወይራ ብንተክል እላለሁ። ፍሬውን ወፍ ይበላዋል፣ ዘሩንም እሱው ይበትነዋል። እድገቱ ቀርፋፋ ነው፣ አልዋሽም። ፒያሳ አካባቢ ችግኙ የሚሸጥበትን የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ።