«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር እኮ»

ፒያሳ አንድ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ጥር ነበር፣ ሠርጉም ክርስትናውም የሚደራረብበት ሰሞን። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ጢም ብሎ ሳለ፣ ከሠራተኛ ሰፈር የሚመጡ አንዲት የቆዩ ደንበኛችን የባለቤታቸውን ግራጫ ሱፍ ይዘው ገቡ። ካሁን በፊት እኛው ባለበስነው ላስቲክ እንደተሸፈነ ነው።

«ልጄ፣ ንጹህ ነው፣ ካውያ ብቻ አሳርፉበት። ነገ የልጅ ልጄ 80 ቀኗ ነው፣ ክርስትና እናስነሳታለን» አሉኝ።

ላስቲኩን ገፍፌ አየሁት። ምንም የለበትም። ለተኳሹ ለጋሼ ሰጠሁት።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ከውስጥ ጠሩኝ። «ነይ እስቲ፣ ይሄን እዪ»። ኮቱ ደረት ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ እድፍ ወጥቷል፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ጠቆር ያለ። እኔ ስቀበለው አልነበረም! ኮሌታውን ሲገለብጡት ሥሩ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀዳዳዎች አሉ፣ አንዷ በስታ ወደ ፊት ወጥታለች። በቃ አቃጠልነው ብዬ ደነገጥኩ።

ጋሼ ግን ካውያ ይዘው የሸበቱ ሰው ናቸው። «ካውያው ሱፉን አላቃጠለውም፣ የተቃጠለው ስኳር ነው። ምን ፈሶበት እንደነበር ጠይቂያቸው» አሉኝ።

ጠየቅኳቸው። «አምና በልጄ ሠርግ ጠጅ ተደፍቶበት ነበር። ግን በነጋታው እዚሁ አምጥቼ አሳጥቤዋለሁ እኮ!»

የአምናውን የደረሰኝ ጥራዝ አውጥቼ ፈለግኩ። አገኘሁት። «1 ሱፍ፣ ግራጫ፣ ድራይ ክሊን»። ጽሕፈቱ የኔ ነው። ስለ ጠጅ አንድ ቃል የለበትም። ሴትየዋ ደረሰኙን አይተው አልጮኹም፣ አልተቆጡም። «ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር እኮ ልጄ» ብቻ አሉኝ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድራይ ክሊን የሚያጥበው በውሃ አይደለም፣ ቅባት በሚያሟሟ ኬሚካል ነው። የወጥ ዘይት፣ ቅቤ፣ የአንገት ወዝ ይለቅለታል። ስኳር ግን የሚሟሟው በውሃ ነው። ስለዚህ ጠጅ፣ ለስላሳ፣ ጭማቂ፣ ስኳር ያለው ሻይ የነካው ልብስ መጀመሪያ ቦታው በውሃ ካልታከመ፣ ከማሽኑ ሲወጣ ንጹህ ይመስላል እንጂ ስኳሩ እዚያው ነው። ሲደርቅ አይታይም። ወራት ሲቆይ ወይ ካውያ ሲነካው ቡናማ ይሆናል። ይህን ጋሼ ሥራ ስጀምር ነግረውኝ ነበር። ሰልፉን ለማሳጠር ብዬ ሳልጠይቅ አለፍኩት።

ቀዳዳው ደግሞ የብል ነው። ብዙ ሰው ማታ አምፖል ላይ የምትዞረውን ቢራቢሮ ነው ብል የሚላት። የልብስ ብል ግን ብርሃን ትሸሻለች። ደግሞም የምትበረው አትበላም፣ የሚበላው እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው። አንዷ ከ40 እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች፣ ጨለማና እጥፋት ያለበት ቦታ ትመርጣለች፦ ኮሌታ ሥር፣ ኪስ ውስጥ፣ ገበሩ ከሱፉ የሚገናኝበት። እጩ ሱፍ፣ ሐር፣ ላባ ይበላል፣ ላብና የምግብ ርዝራዥ ያለበትን ደግሞ አብልጦ ይወዳል። ድራይ ክሊኑ ያኔ የነበረውን ብል ይገድላል፣ በኋላ የሚመጣውን ግን አይከለክልም። የኛ ላስቲክ ደግሞ ከታች ክፍት ነው። ለመንገድ እንጂ ለዓመት የተሠራ አይደለም፣ እርጥበትም ያፍናል። ይህንንም አልነገርናቸውም።

በዚያ ምሽት ጋሼ እድፉን ከውስጥ በኩል ለብ ባለ ውሃና ጥቂት አቼቶ፣ በነጭ ጨርቅ፣ ከዳር ወደ መሐል እየተጫኑ ሠሩት። ካውያ ሳይነካው ቢሆን ይለቅ ነበር። አሁን ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። ጎረቤታችን ያሉት ልብስ ሰፊ ከሱሪው ግርጌ፣ ከታጠፈው ውስጥ ክር መዘው ቀዳዳውን ጠቀሙልን። እውነቴን ነው፣ ቦታውን የማያውቅ ሰው አያገኘውም። ሁለት ሰዓት ላይ ቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። ሂሳብ አልተቀበልንም።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ስቀበል ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ፣ ኮሌታውን እገለብጣለሁ፣ ኪሱን እፈትሻለሁ፣ «ምን ነካው? መቼ?» እላለሁ። የተነገረኝን ደረሰኙ ላይ እጽፋለሁ። የቆመው ሰው ቢቆጣም እጠይቃለሁ።

ቤት ውስጥም ያው ነው። «አንድ ቀን ብቻ ነው የለበስኩት» ብላችሁ ሱፍ ሳታጸዱ ቁም ሳጥን አትክተቱ፣ ክረምቱን ሙሉ የሚቀመጥ ከሆነማ በጭራሽ። ላስቲኩን አውጡና አሮጌ የአንሶላ ከረጢት ሰፍታችሁ አልብሱት፣ አፉን ዝጉት። በርኖስና ባና ያላችሁ፣ የበግ ጠጉር ነውና ብል የሚጀምረው ከሱ ነው፤ መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ አውጥታችሁ አራግፉት፣ ስፌቱን በብሩሽ ጥረጉ። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ስለሆኑ ንጹህ ከሆኑ ብል ብዙም አይነካቸውም፣ ቅቤና ላብ ይዘው ከታጠፉ ግን አይማሩም።

ብል የጀመረው ሹራብ ካላችሁ በላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩና ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ቅዝቃዜው እስኪለቀው አትፍቱት፣ አለዚያ ውሃ ያዝላል። ናፍታሌን ይሠራል፣ ግን ክዳኑ ግጥም ባለ ዕቃ ውስጥ ብቻ። ከሕፃን ልብስና ብርድ ልብስ ጋር ግን በፍጹም አታድርጉት፣ ትነቱ ሕፃናትን ይጎዳል፣ አንዳንዶቹን ደማቸው ድረስ።

እድፍ ላይ ቸኩላችሁ ሙቅ ውሃ አታፍሱ። ደም፣ ወተትና እንቁላል በሙቅ ውሃ ይጋገራሉ፣ በቀዝቃዛ ነው የሚለቁት። ቀይ ወጥ ጥጥ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ላርጎ፣ ከዚያ እጥበት፣ ከዚያ ፀሐይ። የአልጫ እርድ ሳሙና ሲነካው ቢቀላ አትደንግጡ፣ እሱንም ፀሐይ ያደበዝዘዋል። በረኪና ሱፍና ሐር አጠገብ አይድረስ፣ ክሩን ያሟሟዋል። ካውያ የመጨረሻው ነው፣ እድፉ መልቀቁን በዓይናችሁ ሳታዩ አትተኩሱ።

እኚያ እናት ደንበኝነታቸውን አልተዉም። ለፋሲካ ማግስት አንድ ነጠላ አመጡልኝ። ጥለቱ አጠገብ ሁለት ቦታ ቀይ ክር በመርፌ ጣል ጣል አድርገውበታል።

«ይኼኛው ጧፍ ነው፣ ያኛው ሻይ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።