መብረር የተማርኩት መሬት ላይ ነው

ፓራግላይዲንግ መማር እንደጀመርኩ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ከጦሳ ላይ ነው የምትዘይው?» ደሴ ያደገ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በአንድ በኩል የጦሳ ተራራ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል ተደቅኖብን ነው ያደግነው። ስለ መብረር ሲነሳ ዓይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

መልሴ አይደለም ነው። መዝለል የሚባል ነገርም የለም። ብዙ ሰው ፓራግላይደርን ከፓራሹት ጋር ስለሚያምታታው ይህን አስቀድሜ ልናገር። ፓራሹት ከአውሮፕላን የሚወርድን ሰው ቀስ አድርጎ መሬት ለማድረስ የተሠራ ነው። ፓራግላይደር ግን ክንፍ ነው። ጨርቁ ውስጥ ለውስጥ የተከፋፈለ ነው። በፊት በኩል ባሉት ክፍት አፎች አየር ሲገባ ይነፋና የክንፍ ቅርጽ ይይዛል። ሞተር የለውም። በተረጋጋ አየር ላይ የጀማሪ ክንፍ 1 ሜትር በወረደ ቁጥር 8 ሜትር ገደማ ወደፊት ይሄዳል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እርግጥ ስፖርቱ ከፓራሹት ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሚዩሲ በምትባል የፈረንሳይ መንደር ሦስት ፓራሹተኞች ለአውሮፕላን ከመክፈል ብለው ፓራሹታቸውን ተራራ ተዳፋት ላይ ዘርግተው፣ ቁልቁል ሮጠው ተነሱ። የዛሬው ክንፍ ከዚያ በብዙ ተሻሽሎ የመጣ ነው።

ያስተማረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ኬንያ ለዓመታት ሠርቷል፤ በረራ የተማረውም የአስተማሪነት ፈቃድ ያገኘውም እዚያው ኬሪዮ ሸለቆ ነው። የሩጫ ወዳጅ የሆነ ሰው አካባቢውን ያውቀዋል፤ የሯጮቹ ከተማ ኢቴን ያለችው ከዚሁ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው፣ ከደሴ ብዙም ባልተለየ ከፍታ። ለእረፍት ሲመጣ ክንፎቹን ይዞ መጣ። አስተምረኝ ስለው «እሺ» ከማለቱ በፊት ክብደቴን ጠየቀኝ። ለካስ እያንዳንዱ ክንፍ የተፈቀደለት ክብደት አለው፤ ለምሳሌ አንዱ ከ65 እስከ 85 ኪሎ ይላል። የሚቆጠረው ሰውዬው ብቻ ሳይሆን ከክንፉ ስር ታስሮ የሚንጠለጠልበት መቀመጫ፣ ሄልሜቱ፣ ክንፉ ራሱ፣ የሚበረርበት ልብስ ሁሉ ተደምሮ ነው። ለክንፉ የቀለለ ሰው ንፋስ ያንገላታዋል። የከበደ ደግሞ ይፈጥንበታል፣ ቶሎም ይወርዳል።

እማዬን ማሳመን ሌላ ሥራ ነበር። «ልጄ፣ መሬት አልበቃሽም?» አለችኝ። ጋሼ አልተከራከራትም። ሳሎን ውስጥ መቀመጫውን ዘረጋና በእጇ እያስነካ አሳያት። ከስር ያለውን ወፍራም ስፖንጅ፣ የእግርና የደረት ማሰሪያዎቹን፣ ክንፉ ቢበላሽ በእጅ ተወርውሮ የሚከፈተውን መጠባበቂያ ፓራሹት። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እየሳበች አየቻቸው። ከዚያ «ንፋስ ባለበት ቀን ግን እንዳትሄዱ» አለች። ከቤታችን ሰው ስለ ንፋስ መጀመሪያ ያነሳችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ እሱኑ ሆኖ አረፈው።

ትምህርቱ የተጀመረው ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። ተራራ የለ፣ ገደል የለ፤ ሜዳ፣ ሳር፣ ከብት፣ ከኋላችን የሚሮጡ ልጆች። ክንፉ መሬት ላይ ይዘረጋል። ገመዶቹ ይፈታታሉ፤ አንዲት የተቆላለፈች ገመድ እንኳ ከተገኘች እንደገና ከመጀመሪያው። ከዚያ ክንፉን ከራስ በላይ ማንሳትና እዚያው ማቆም ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል።

የፊት ማንሻዎቹን፣ ማለትም ገመዶቹን ከመቀመጫው ጋር የሚያያይዙትን የፊት ቀበቶዎች፣ ይዤ ስራመድ ክንፉ ከኋላዬ ሾሾሾ እያለ ይነሳል። ከዚያ ትከሻዬን ወደ ኋላ የሚጎትት ኃይል ይመጣል፤ ሰውነት በደመ ነፍስ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይፈልጋል። መቆም ግን አይሆንም። ደረት ወደፊት ያዘነብላል፣ እግር ይቀጥላል። ክንፉ አናቴ ላይ ሲደርስ ያ ጉተታ ድንገት ይለቅና መቀመጫው ወገቤን ወደ ላይ ያነሳኛል። በዚያች ቅጽበት ሁለቱን ብሬኮች፣ የክንፉን የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚስቡትን የግራና የቀኝ እጀታዎች፣ ትንሽ መንካት ያስፈልጋል። ካልተነኩ ክንፉ አልፎኝ ከፊቴ ይደፋል። በዝቶ ከተሳበ ወደ ኋላ ይወድቃል። ይህን ልክ በቃል ማስተማር አይቻልም፤ እጅ ራሱ ነው የሚያውቀው።

ክንፉ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ደግሞ ሰው የሚያስበው ወደ ሌላኛው ጎን መሳብ ነው። ትክክሉ ወደ ወደቀበት ጎን ሮጦ ስሩ መግባት ነው። «ሥሩ ግቢ! ሥሩ ግቢ! አብሽሪ!» የሚለው የጋሼ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ነገር አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አየር በሩብ ያህል ይቀላል። ስለዚህ ያው ክንፍ ያንኑ ሰው ለማንሳት ከአሥር አንድ እጅ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ዝቅ ባለ አገር የተማረ ሰው እዚህ መጥቶ የለመደውን ያህል ቢሮጥ አይበቃውም። ሲያርፍም መሬቱ ከለመደው ፈጥኖ ይመጣበታል። ጋሼ ይህን ስለሚያውቅ ያለ ክንፍ ቁልቁል ያስሮጠኝ ነበር፣ ያውም ረጅም እርምጃ እየወሰድኩ። መጀመሪያ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን ያ ሩጫ ነው የጠቀመኝ።

ወደ ጦሳ ልመለስ። ጋሼ ደሴ በገባ በማግስቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ ቆይቶ ነበር። ሲመለስ ስለ መነሻው ምንም አላወራም። «ማረፊያው የት ነው?» ነው ያለኝ። ከስር ያለው ከተማ ነው። ቤት፣ ባሕር ዛፍ፣ የመብራት ገመድ። ገመድ ደግሞ ከላይ ሲያዩት አይታይም። የሚታየው ምሰሶው ነው፤ ሁለት ምሰሶ ካየሽ በመሃላቸው ገመድ አለ ብለሽ ነው የምትበሪው። የመነሻ ቦታ የሚመረጠው ማረፊያው ከተገኘ በኋላ ነው።

ከጦሳ ያልተነሳንበት ሁለተኛው ምክንያት ንፋሱ ነው። ቦርከና ወንዝ ውስጥ ትልቅ ድንጋይ ያየ ሰው ውሃው ከድንጋዩ ፊት ሰተት ብሎ መጥቶ ከኋላው እንደሚሽከረከር ያውቃል። ንፋስም ተራራን ሲያልፍ እንዲያው ነው። ከተራራው ጀርባ ያለው አየር ይተረማመሳል፤ ክንፍ እዚያ ከገባ ሊታጠፍ ይችላል። ስለዚህ የሚነሱት ንፋሱ ፊት ለፊት ከሚመጣበት ተዳፋት ብቻ ነው። ተራሮች ጥቅጥቅ ብለው በተደራረቡበት ቦታ ይህን መለየት የጀማሪ ሥራ አይደለም።

የተመረጠው ኮምቦልቻ አጠገብ ያለ ሳራማ ተዳፋት ነው። ከታች ሰፊ ማሳ አለ፣ ቁልቁለቱ ወደ 150 ሜትር ይሆናል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል አየሩም ትንሽ ይሻላል። ከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ስላላት የአየር ክልሉን ጉዳይ የሚመለከታቸው ሳይፈቅዱ ክንፍ አንዘረጋም ብሎ ጋሼ ቁርጡን ተናገረ። ያ ብዙ ደጅ መጥናት ነበረው፣ ግን አለቀ። የማሳው ባለቤት የሆኑትን አባባንም ቤታቸው ሄደን ጠየቅናቸው። ቡና አስፈልተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ እህሉ ሳይታጨድ እንዳንመጣ። ታኅሣሥ ላይ ታጨደ፣ ተወቃ። ከዚያ መጀመሪያ ከተዳፋቱ እግር ስር ካለች ጉብታ ላይ እየተነሳሁ ጥቂት ሜትር ብቻ በርሬ አርፍ ነበር።

ብቻዬን ከላይ የምነሳበት ቀን ብዙ ጊዜ ተቀጠረ፣ ብዙ ጊዜም ተሰረዘ። አንዱን ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ተዳፋቱ አናት ላይ ደረስን። ንፋሱ ከጀርባ መጣ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። አልተመለሰም። ጋሼ ክንፉን ማጠፍ ጀመረ። እኔ ውስጤ እየተቃጠለ ነበር። እሱ ግን ቅር ያለው አይመስልም ነበር፤ ለእሱ ያም ቀን የትምህርት ቀን ነው። ከዚህ ሁሉ ልምምድ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይሄው ነው። ተዘጋጅቶ፣ ላብ አፍስሶ ወጥቶ፣ «ዛሬ አይሆንም» ብሎ በእግር መውረድ መቻል።

የሚሆነውን ቀን መለየትም ቀስ በቀስ ገባኝ። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከተራራው ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ይገለበጥና ወደ ላይ መንፈስ ይጀምራል። በመጀመሪያ ለስለስ ያለ ነው፣ ለጀማሪ የሚሆነውም ያ ሰዓት ነው። ወደ እኩለ ቀን የሞቀው አየር እየተቦጨቀ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፓራግላይደሮች ተርማል ይሉታል። አሞራዎቹ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ከፍ ካሉ ተርማል ተነስቷል ማለት ነው። ልምድ ያለው ሰው ያን ሲያይ ይደሰታል። የእኔ ቢጤ ግን ያኔ መሬት ላይ መሆን አለበት።

በዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከላይ ነበርን። የንፋሱን አቅጣጫ እንድታሳይ ከላይ የታሰረችው ጨርቅ ወደ እኔ እየተንቀሳቀሰች ነው፣ በለሆሳስ። ኬንያ ከጋሼ ጋር የተማረ ጓደኛው ማረፊያው ላይ ሬዲዮ ይዞ ቆሟል። አባባም እዚያው ነበሩ፤ ከመውጣታችን በፊት «አላህ ያግራልሽ» ብለው መርቀውኛል። ፍተሻው ተጀመረ። የእግር ማሰሪያ ሁልጊዜ መጀመሪያ ነው፤ እሱ ሳይታሰር የተነሳ ሰው ከመቀመጫው ሊሾልክ ይችላል። ከዚያ ደረት፣ ሄልሜት፣ የመጠባበቂያው ፓራሹት ፒን፣ ገመዶች፣ ክንፍ፣ ንፋስ፣ ከፊት ያለው ሰማይ። ጮክ ብዬ እየጠራሁ ነካሁት።

«ስትዘጋጂ ሂጂ» አለኝ። ሂጂ አላለም፤ ስትዘጋጂ አለ። ልቤ ይመታል፣ አፌ ደርቋል። ንፋሱን አንድ ጊዜ በፊቴ ላይ ጠበቅኩትና ተራመድኩ። ጉተታው መጣ፣ ክንፉ ወጣ፣ ቀና ብዬ አየሁት፤ ሙሉ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ሩጫ። «ሩጪ ሩጪ ሩጪ!» እግሬ አየር እየረገጠ እንኳ ሮጥኩ፣ እንደዚያ ተብያለሁና። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እግሩ እንደተነሳ ለመቀመጥ ሲቸኩል ነው።

ከዚያ ሁሉም ነገር ዝም አለ። የገመዶቹ ፉጨት ብቻ። ሣሩ ከእግሬ ስር ራቀ። ከታች የታጨደው ማሳ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ከወዲያ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ፍርሃቱ አልጠፋም ነበር፤ ግን ሥራ ስለነበረኝ ቦታ አጣ። «ወደ ግራ ትንሽ» አለ ሬዲዮው። ክብደቴን ወደ ግራ ጣልኩ፣ የግራውን ብሬክ በቀስታ ሳብኩ። ክንፉ ታዘዘ። ያ መታዘዝ ነው ያስለቀሰኝ።

ጊዜው ሁለት ደቂቃ አካባቢ ነው። ማሳው ላይ ስደርስ ከፍታዬን ለመጨረስ ግራና ቀኝ ተመላለስኩ፣ ከዚያ ወደ ንፋሱ ዞርኩ። እግሬን ከመቀመጫው አወረድኩ። ዓይኔን ከእግሬ ስር ሳይሆን ራቅ ያለ ቦታ ላይ አደረግኩ፤ ስር ስር ያየ ሰው ከፍታው ይምታታበታል። መሬቱ 1 ሜትር ያህል ሲቀረኝ ሁለቱንም ብሬኮች እስከ መጨረሻ ሳብኩ። ክንፉ ተንጠራራና ፍጥነቱ ሞተ። ጥቂት እርምጃ ሮጬ ቆምኩ። ልጆቹ ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ ከበቡኝ።

መጀመር ለሚፈልግ የምለው ብዙ አይደለም። አስተማሪ ሳይኖር አይነካም፤ በቪዲዮ የሚማሩት ነገር አይደለም። አስተማሪውን ፈቃዱን አሳየኝ በሉት፤ ከዚያም መሬት ላይ ምን ያህል እንደሚያለማምድ ጠይቁ። ቶሎ አበርርሃለሁ የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ብዙ ወጣቶች አስተምሪን ይሉኛል፤ እኔ የማስተማር ፈቃድ የለኝም፣ አላስተምርም። ክንፍ ለመግዛት ደግሞ አትቸኩሉ። ስትገዙም በደረጃው ኤ የተባለውን የጀማሪ ክንፍ ነው፤ ቢታጠፍ እንኳ በራሱ የመስተካከል ዕድሉ የተሻለ ነው። ያገለገለ ክንፍ በርካሽ ይገኛል፤ ነገር ግን ጨርቁን ፀሐይ ይበላዋል፣ ገመዶቹም በጊዜ ብዛት ይደክማሉ፣ ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም። ሻጩ በባለሙያ የተመረመረበትን ወረቀት ካላሳየ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አትግዙት።