ረቂቁን ይዞ ወደ አራተኛ ክፍል

ለልጆች ስለ እንስሳ፣ ስለ አፈር ወይም ስለ ውኃ የሚጽፍ ሰው ትምህርት ቤት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። ለእኔ ይኼ መዘግየት ነው። ተረት ከሆነ ግድ የለም፤ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ የተጻፈ መጽሐፍ ግን ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ጭላዳ በሚኖርበት ደጋ፣ መንዝ ላይ መነበብ አለበት። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ሣር ምድር ዳር በግ የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ልጅ ጭላዳን ከጸሐፊው በላይ አይቶታል።

ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አይበቃም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ የገብሱ አገር አልቆ የማሽላና የማሾ አገር ይጀምራል። ቆላ ያለ ልጅ ጭላዳን በሥዕል ካልሆነ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ያው ረቂቅ ሁለቱም ጋ ይነበብ፤ የመንዙ ልጅ እውነት መሆኑን ይፈትሻል፣ የሮቢቱ ልጅ ደግሞ መግባባቱን። የመጀመሪያው «ውሸት ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ገደል ላይ ሲተኛ ለምን አይወድቅም?» ብሎ ያልተጻፈውን ያሳያል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ጉዞው የሚጀምረው ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ ነው፤ ከዚያ ለርእሰ መምህሩ ስልክ። መንገዱ ሰላም መሆኑ ይቀድማል። ቀጥሎ የሚጠየቀው አራተኛ ክፍል ጠዋት ነው ከሰዓት፣ በአንድ ሴክሽን ስንት ልጅ አለ፣ የገበያ ቀኑ መቼ ነው የሚለው ነው። በገበያ ቀን ግማሹ ወንበር ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በአጨዳ ሰሞንም እንደዚያው። ርእሰ መምህራን ለእንግዳ አስበው «ሁለቱን ሴክሽን እናቀላቅልልህ» ይላሉ። በትሕትና እምቢ ማለት ነው። ስድሳ ልጅ ይሠራል፤ መቶ ሃያ ሲሆን ከኋላ ያለው አይሰማም፣ ያልሰማ ደግሞ ያወራል፣ ከዚያ መምህሩ አርጩሜ ፍለጋ ይነሣል። የጠዋቱ ሰልፍም ሰላምታ ለማቅረብ እንጂ ለሌላ አይሆንም።

ሰዓቱም ከቦታው ጋር ይሄዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያድራል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እርሳስ የሚያስይዝ ሥራ መስጠት ከንቱ ነው፤ ጣቱ ደንዝዟል። ከእረፍት በኋላ ፀሐይ ክፍሉን ሲያሞቀው ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት መጨረስ ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። የጸሐፊው የሕይወት ታሪክ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይብላበት። ወዲያው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦ ጭላዳ በዋናነት ሣር ይበላል። ጭላዳ ዛፍ ላይ ያድራል። ወንዱ ጭላዳ ደረቱ ላይ ቀይ ቦታ አለው። አንዱ ሐሰት እንደሆነ ይነገራቸውና ይምረጡ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፣ ዓይኑ ግን የመምህሩ ፊት ላይ ነው። መላው ዓይን ጨፍኖ እጅ ማውጣት ነው። ያኔ ድምፁ ይከፋፈላል። ከዚያ «እንዴት አወቅሽ?» ሲባል «ማታ ማታ ወደ ገደሉ ሲወርዱ አይቻለሁ» የምትል ልጅ ትነሣለች። ስለ እውነተኛ ነገር መጻፍ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ንግግር አላውቅም።

ቀጥሎ ንባቡ ነው። ረቂቁ ጎላ ባለ ፊደል፣ በአንድ ገጽ ከአምስት መስመር ሳይበልጥ ታትሞ ለየዴስኩ አንድ አንድ ገጽ ይታደላል። አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ጸሐፊው ዝም ብሎ በእርሳስ ልጁ የቆመበትን ቃል ያሰምራል። ማገዝ ክልክል ነው። መምህራን ሁልጊዜ የክፍሉን አንደኛ ነው የሚያስነሡት፤ መሀል ላይ ያለውን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አንደኛው ምንም ቢጻፍ ያነበዋል። የሚያስቆማቸው ነገር ብዙውን ጊዜ የሳይንስ ቃል አይደለም። «የሚንቀሳቀሱባቸውን» ዓይነቱ ረጅም ግሥ ነው፤ በመስመር መጨረሻ ለሁለት የተቆረጠ ቃልም ያደናቅፋል። ሁለቱም በቀላሉ ይታረማሉ፦ ግሡን አሳጥሮ፣ ቃሉን ሙሉውን ወደ ታች አውርዶ።

ጥያቄ በአፍ ብቻ ከሆነ ከፊት የተቀመጡ ሦስት ወንዶች ይጨርሱታል። አንድ ወረቀት ለአራት ተቀዶ ይሰጥና ስም ሳይጻፍበት ይሰብሰብ። ወርቁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለምሳሌ «ሣር ይበላል ካልክ የእኛን ገብስ የሚበላው ማነው?» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ልጁ ልክ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ የእህል ማሳ ሲያገኝም ይገባል» ተብሎ መስተካከል አለበት፤ ያለበለዚያ ያ ልጅ ቀሪውን መጽሐፍም አያምነውም።

ረቂቁ ስለ ቀይ ቀበሮ ከሆነ ከዚህ ይከብዳል። ቀን ቀን ሲያድን የሚታይ፣ ዋና ምግቡም አይጥና ፍልፈል የሆነ እንስሳ ነው፤ ግልገል ወሰደብን የሚል ልጅ ግን አይጠፋም። «ተሳስተሃል» ማለት ወሬውን ይዘጋዋል። «ማን አየ? ቀን ነው ማታ? ቀለሙስ?» ብሎ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው፤ ተኩላ ወይም ሌላ ቀበሮ ሊሆን ይችላልና፣ ልጁ ራሱ መጠራጠር ይጀምራል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም ሲባልም ቁጥሩ ለአራተኛ ክፍል ባዶ ድምፅ ነው፤ «ጠዋት ሰልፍ ላይ ከምትቆሙት ያንሳሉ» ሲባል ግን ዞር ብለው ይተያያሉ። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ከሆነ ይህ አይሠራምና ቀድሞ የተማሪውን ብዛት ማወቅ ነው።

ሥዕልን ከመጽሐፉ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳየት አይረባም፤ ከሦስተኛው ዴስክ በኋላ አይታይም። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባነር ማሳተም ይሻላል፤ ይጠቀለላል፣ አይቀደድም፣ መብራት ቢጠፋም አያሳስብም። መስታወት የሌለው መስኮት አጠገብ ከተሰቀለ ግን ነፋስ ያነሣዋልና ታችኛው ጫፍ ላይ እንጨት ይታሰርበት።

መጽሐፉ ሲታተም ቅጂ ማድረሱ ግዴታ ነው ባይ ነኝ። ችግሩ ስጦታው በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ማድረጊያ ደረሰኝ) ገቢ ከሆነ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «ቢጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል» ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። አይፈረድበትም። አምስት ቅጂ ከሆነ ሁለቱ ለቤተ መጻሕፍቱ ገቢ ይሁኑ፤ ሦስቱ ደግሞ ርእሰ መምህሩ ባለበት፣ ቢያልቁም እንደማይጠየቅባቸው ተነግሮ፣ ለንባብ ክበቡ መምህር በእጅ ይሰጡ። መጽሐፉን በረቂቁ ያረሙት ልጆች በሚቀጥለው ዓመት አምስተኛ ክፍል ናቸውና ክበቡ እነሱንም መጥራቱን መጠየቅ አይረሳ።