ቀበሮዋ ናቀችኝ

ዛሬ ማለዳ ወክ ላይ እያለሁ ከአንዲት ቀበሮ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እኔ ደርቄ ቀረሁ። እሷ ግን ምንም አልመሰላት! ቆም ብላ አየችኝ፣ ከቆሻሻው ያገኘችውን አጥንት ይዛ መንገዷን ቀጠለች። (እውነት ለመናገር የተናቅኩ መሰለኝ።)

ሰው የሚመግባት ቀበሮ ፍርሃቷን ቶሎ ትጥላለች። ያ ግን መላመድ እንጂ ለማዳ መሆን አይደለም። ለማዳነት በዘር የሚወረስ ነገር ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የተባለ የዘረመል ተመራማሪ ሳይቤሪያ ውስጥ ሰው የማይሸሹ ቀበሮዎችን ብቻ እየመረጠ ማራባት ጀመረ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ቡችሎቹ ሰው ሲያዩ እንደ ውሻ ጭራቸውን መቁላት ጀመሩ። የአንዳንዶቹማ ጆሮ ጭምር ተንጠለጠለ።

የዛሬዋ ጭራ የምትቆላ ዓይነት አይደለችም። ኪሴ ውስጥ ብስኩት ነበረኝ። ልወረውርላት እጄን ሰደድኩና መለስኩት።