ሬዞኔተሩን ቆርጣችሁ ከመጣላችሁ በፊት
ሬዞኔተሩን (የመኪና ጭስ ማውጫ ላይ ድምፅ የሚያለዝበውን ክፍል) በባዶ ቱቦ መተካት ርካሽ ነው፤ ግን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ ድምፁ አይወፍርም፣ ይሻክራል። የሚሻለው ባለ ቀዳዳ ውስጠኛ ቱቦና የመስታወት ቃጫ ያለው ቀጥተኛ ሬዞኔተር ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ ከጭስ ማውጫው ጋር እኩል ይሁን፤ ቦታ ካለ ረጅሙን ምረጡ።

ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር ጆሮ የሚያደክም ጉርምርምታ ከቀረ፣ ጫፉ የተደፈነ የጎን ቱቦ ጨምሩ። አራት ሲሊንደር በዚህ ዙር 83 ኸርዝ ገደማ ያወጣል። በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ጋዝ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 480 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህን ለድግግሞሹ (83 ኸርዝ) 4 እጥፍ ስታካፍሉት የጎን ቱቦው ርዝመት 1.45 ሜትር ይመጣል። የተደፈነው ቱቦ ውስጥ ግን ጋዙ ስለሚቀዘቅዝ ትክክለኛው ርዝመት ያንሳል። ስለዚህ መድፈኛውን በማጥበቂያ ብቻ አስራችሁ፣ እየነዳችሁ ከሞከራችሁ በኋላ ቆማችሁ ርዝመቱን አስተካክሉ፤ ብየዳው በመጨረሻ ይምጣ።