በረሃ ውስጥ ሆኪ፦ የላስ ቬጋስ ጉዞዬ

ላስ ቬጋስ የሄድኩት ሆኪ ለማየት ነው። ይህን ስል ሰው ሁሉ ግር ይለዋል። ፀሐዩ አናት የሚበሳ፣ ዙሪያው አሸዋና ድንጋይ የሆነ ከተማ ውስጥ በረዶ ላይ የሚጫወት ቡድን አለ። ያውም ውድድር በጀመረ በስድስተኛው ዓመት የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ (NHL) ትልቁን ሽልማት፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ያነሳ ቡድን። ስሙ ቬጋስ ጎልደን ናይትስ ይባላል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው። የዲሲ ሰው የአዲስ ቡድንን መከራ ያውቃል። ዋሽንግተን ካፒታልስ በ1974 ሊጉን ሲቀላቀል በመጀመሪያው ዓመት ከ80 ጨዋታ ያሸነፈው 8 ብቻ ነው። 67 ጊዜ ተሸነፈ። ከሜዳው ውጪ የመጀመሪያውን ድል ያገኘው የውድድር ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ያን ቀን ተጫዋቾቹ ደስታቸው ገንፍሎ የቆሻሻ መጣያ አንስተው እንደ ዋንጫ ይዘውት ዞሩ። አዲስ ቡድን ማለት ይኸው ነበር፤ ለዓመታት ይቀጠቀጣል፣ ደጋፊውም ችሎ ይቀመጣል። ቬጋስ ከዚህ እንዴት አመለጠ? ቲኬት ያስቆረጠኝ ይህ ጥያቄ ነው።

አየር ማረፊያ የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ ነው። እንደ ብዙ የቬጋስ ሐበሻ ታክሲ ይነዳል። የኛ ሰው እዚህ ብዙ ነው፤ በ2023 የአካባቢው አስተዳደር፣ ክላርክ ካውንቲ፣ አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሞታል። መኪናው ውስጥ ከመስቀሉ ጎን የጎልደን ናይትስ አርማ ተንጠልጥሏል። ድሮ ከእግር ኳስ ውጪ ምንም የማያይ ሰው ነበር።

«አንቺ፣ ከተማው እኮ በትልቅ ሊግ የሚጫወት ቡድን ጭራሽ አልነበረውም» አለኝ። «ሁሉም ሰው የሚደግፈው የመጣበትን ከተማ ቡድን ነው። የኛ የምንለው ሲመጣ ይሄ መጣ። በቃ፣ ያዝነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሰመርሊን ወደሚባል ሰፈር ወሰደኝ። ቡድኑ የሚለማመደው እዚያ፣ ሲቲ ናሽናል አሪና በሚባል ቦታ ነው። ልምምዱን ማንም ገብቶ በነጻ ያያል። መስታወቱ ጥግ ቆምኩ። ፓኩ፣ ማለትም እንደ ኳስ የሚመቱት ጠፍጣፋ ክብ ነገር፣ የሜዳውን ዙሪያ አጥር ሲመታ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ልምምዱ ሲያልቅ ዛምቦኒ የሚባለው መኪና ወጣ። የተጫረውን በረዶ በስለት እየላገ፣ ከኋላው ሙቅ ውሃ በስሱ እያፈሰሰ ይሄዳል። ውሃው ወዲያው ይረጋል፣ ሜዳው እንደገና ያብለጨልጫል። ከበረዶው ስር ኮንክሪት አለ፤ ኮንክሪቱ ውስጥ በጣም የቀዘቀዘ ፈሳሽ የሚዞርባቸው ቱቦዎች ተቀብረዋል። ቡድኑን ያህል ይህንንም አደነቅኩ። ከበሩ ውጪ እኮ ሰው ጥላ ፍለጋ ይሯሯጣል።

የቡድኑ አጀማመር የድርድር ታሪክ ነው። ባለቤቱ ቢል ፎሊ ሊጉ ውስጥ ለመግባት 500 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በሦስት ዓመት ጥሎ ማለፍ፣ በስድስት ዓመት ዋንጫ ብሎም አሰበ። በሰኔ 2017 ከ30ዎቹ ነባር ቡድኖች ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ተጫዋች መረጡ። ነባሮቹ በረኛን ጨምሮ 9 ወይም 11 ሰው «አይነካብንም» ብለው መከለል ይችላሉ፤ የሚመረጠው ከተረፈው ነው።

እዚህ ላይ የሥራ አስኪያጁ የጆርጅ ማክፊ ብልጠት ይመጣል። ቡድኖቹ «እሱን አትውሰድብን» ለማለት ሌላ ነገር ይመርቁለት ጀመር። ፍሎሪዳ በቀደመው ዓመት 30 ጎል ያገባውን ጆናታን ማርሼሶን ሳይከልል ቀረ፤ ራይሊ ስሚዝንም በርካሽ አሳልፎ ሰጠ። ኮሎምበስ ዊሊያም ካርልሰንን እንዲወስዱለት ብሎ ወጣት ተጫዋች የሚመርጥባቸውን የወደፊት ተራዎቹን ጨመረላቸው። ካርልሰን በቀደመው ዓመት 6 ጎል ነበር ያለው። ቬጋስ ሲመጣ 43 አገባ! ፒትስበርግ ደግሞ ዋንጫ ያነሳ በረኛውን ማርክ አንድሬ ፍለሪን ምርቃት ጨምሮ ሸኘው። ዕድል ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሌሎቹ በያዙት ላይ ሲንሰፈሰፉ የጣሉትን በደንብ አላዩትም፤ ማክፊ አየው።

ከሰዓት በኋላ ስትሪፕ በሚባለው፣ ትልልቆቹ ካዚኖዎች በተደረደሩበት ጎዳና ደቡብ ጫፍ በኩል አለፍን። ጥቅምት 1 ቀን 2017 የሙዚቃ ድግስ ላይ የነበሩ ሰዎች በጥይት ያለቁበት ቦታ እዚያ ነው። የዚያን ጊዜ የተቆጠሩት ሟቾች 58 ነበሩ፤ በኋላ 60 ደረሱ። የአክስቴ ልጅ ያን ሌሊት ሥራ ላይ ነበር። ስለሱ ማውራት አይወድም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ቡድኑ በሜዳው የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ነው። ተጫዋቾቹ የተዋወቁት ከሐኪሞች፣ ከነርሶች፣ ከፖሊሶችና ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር አብረው እየወጡ ነበር። በሜዳው ዙሪያ ያሉት ማስታወቂያዎች ተነስተዋል። 58 ሰከንድ ጸጥታ ሆነ፤ አዳራሹ ለቅሶ ቤት መሰለ። ማይክ የያዘው ተከላካዩ ዴሪክ ኤንግላንድ ነው። ቀደም ሲል በዚሁ ከተማ ለአንድ አነስተኛ ቡድን ተጫውቷል። ሚስቱን ያገኘው፣ ልጆቹ የተወለዱት እዚህ ነው። ይህንኑ ተናገረ። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ፣ እሱ ራሱ ጎል አገባ፣ አሪዞናን 5 ለ 2 አሸነፉ። ከተማውና ቡድኑ የተሳሰሩት ያን ማታ ነው ብዬ አምናለሁ። ተሸንፈውም ቢሆን ኖሮ ያ ትስስር አይቀርም ነበር።

ማታ የቡድኑ ሜዳ ቲ-ሞባይል አሪና ገባሁ። ከጨዋታው በፊት ጥሩር የለበሰ ባላባት በረዶው ላይ ሰይፉን መዞ የተጋጣሚን ቡድን በትርኢት ይወጋል። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር «ናይት» (ሌሊት) የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ናይት!» ብሎ ይጮሃል፤ በእንግሊዝኛ ባላባትም፣ የቡድኑ ስምም፣ ድምፁ ያው ነው። የኔ ዓይን ግን ጣሪያው ላይ ነበር። 58 ቁጥር እዚያ ተሰቅሏል፤ ማንም ተጫዋች ማሊያው ላይ አያደርገውም።

የመጀመሪያው ዓመት ታሪክ ሲነገር የሚታመን አይመስልም። ከ82 ጨዋታ 51 አሸነፉ። በጥሎ ማለፉ ሎስ አንጀለስን፣ ሳን ሆሴን፣ ዊኒፔግን አሰናብተው ፍጻሜ ደረሱ። እዚያ የጠበቃቸው ማን ነው? የኛው ካፒታልስ። የሚገርመው፣ ኮከቡን ኦቬችኪንን ጨምሮ ብዙዎቹን የካፒታልስ ዋና ተጫዋቾች በወጣትነታቸው የመረጣቸው ያው ማክፊ ነበር። አንድ ሰው ሁለቱንም ወገን ሠርቷል ማለት ነው። ከአምስቱ የፍጻሜ ጨዋታዎች አራቱን ካፒታልስ አሸነፈ።

«ዋንጫውን እዚሁ ቤታችን መጥታችሁ ነው የወሰዳችሁት» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ ጨዋታው እረፍት ላይ ሳለ። እስካሁን አልወጣለትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ2019 በጥሎ ማለፉ ሳን ሆሴን በመጨረሻው፣ በሰባተኛው ጨዋታ 3 ለ 0 እየመሩ በአንድ ሰው ጎደሎ የሚያጫውት የ5 ደቂቃ ቅጣት ተጣለባቸው፤ በዚያው ቅጣት 4 ጎል ገባባቸው። በኋላ አቻ ቢያደርጉም በትርፍ ሰዓት ተሸንፈው ወጡ። ሊጉ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ቅጣት በቪዲዮ እንዲታይ ሕጉን ቀየረ። በ2020 መጀመሪያ የመጀመሪያውን አሰልጣኝ ጄራርድ ጋላንትን አባረሩ። በ2021 ደግሞ ፍለሪ የዓመቱ ምርጥ በረኛ ተብሎ በተሸለመ በወሩ አካባቢ ወደ ቺካጎ ሸኙት። በምትኩ ያገኙት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሒሳቡ ገብቶኛል፣ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በሙሉ የሚከፍለው ደመወዝ ጣሪያ አለው። ግን ፍለሪ በዚያ ክፉ ጊዜ የከተማው ፊት የነበረ ሰው ነው። እንዲህ መሸኘት አልነበረበትም።

ዋንጫው በሰኔ 2023 መጣ፣ ፍሎሪዳን 9 ለ 3 ደቁሰው። ከመጀመሪያው ዓመት ተጫዋቾች ስድስቱ ያን ቀን አሁንም ቡድኑ ውስጥ ነበሩ። የጥሎ ማለፉ ኮከብ ማርሼሶ ሆነ፤ ያ ፍሎሪዳ የለቀቀው!

ከጨዋታው በኋላ ክትፎ በላን፣ ስለ ሲያትልም ተነሳ። ሲያትል ክራከን በ2021 ሲገባ 650 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በዚያው ሕግ ተጫዋች መረጠ። ግን ነባሮቹ ከቬጋስ ተምረዋል፣ ማንም ምርቃት አልሰጠም። በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈው 27 ብቻ ነው። በሁለተኛው ግን የዋንጫውን ባለቤት ኮሎራዶን ከጥሎ ማለፍ አስወጣ። ሲያትልም የኛ ሰው የሞላበት ከተማ ነው፣ የምሄደውም ወደዚያ ነው። ያን የመጀመሪያ ዓመት ሽንፈት ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ያየ ሐበሻ አግኝቼ ማናገር እፈልጋለሁ።